የሞተሩ ውኃ ቀጠነብኝ፤ ቴርሞስታቱን ነቅዬ ልጣለው?

ጥያቄ፦
ጋሼ እንደምን አሉ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጀልባ አለችኝ፣ ዘጌና ደሴቶቹ ድረስ ሰው አመላልሳለሁ። ሞተሩ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ምት ያማሃ ነው። ክረምቱን ሥራ ስላልነበረ ቆሞ ከረመ። መስከረም ላይ ሳስነሳው ከኋላው የሚሸናው ውኃ እንደ ድሮው አይደለም፣ ቀጥኗል። ባዶዬን ስሄድ ደህና ነው። ሰው ሲሞላ ግን ይግላል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። አንዱ መካኒክ "ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ለዚህ አገር አያስፈልግም" አለኝ። ሌላው ደግሞ ውኃ የሚወጣበትን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አስፋው አለ። ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ ሁሉም የሚያወሩት ስለ ጨው ነው። ራሴ ልሠራው እችላለሁ ወይስ ለሰው ልስጥ?
ጀልባ ነጂው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ መሰርሰሪያውን ለባለቤቱ መልስ። ቴርሞስታቱንም ለጊዜው ባለበት ተወው። ቀዳዳውን ብታሰፋው ወፈር ያለ ውኃ ልታይ ትችላለህ። ግን ያ ውኃ ከየትም አልመጣም፣ ሞተሩን ሊያቀዘቅዝ ከነበረው ላይ የተቀነሰ ነው። አንተ ደስ ብሎህ ትሄዳለህ፣ ሞተርህ ይበልጥ ይቃጠላል።

ራስህ ልትሠራው ትችላለህ ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ አብዛኛውን ትችላለህ። የማትነካውን ደግሞ ስንደርስበት እነግርሃለሁ።

የመኪና ራዲያተር ውኃውን ዘግቶ ይይዛል፣ ያንኑ ውኃ ነው የሚያዞረው። ያንተ ሞተር ግን ሐይቁን ነው የሚጠጣው። ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ ከእግሩ (ውኃ ውስጥ ከሚገባው የሞተሩ የታችኛው ክፍል) ግራና ቀኝ ወንፊት የመሰለ መግቢያ አለ። ውኃው በዚያ ይገባል። ከዚያ በላይ፣ እግሩ ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ፓምፕ ተቀምጣለች፣ በውስጧም ክንፍ ክንፍ ያለው ላስቲክ ይሽከረከራል። ኢምፔለር የሚሉት ይህንን ነው። እሱ ውኃውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይገፋል፣ ውኃው በሲሊንደሮቹና በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ ክዳን) ዙሪያ ይዞራል፣ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ውኃው ሲሞቅ የምትከፈተው ትንሽ በር፣ ሲከፈትለት ደግሞ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ በፕሮፔለሩ በኩል ተመልሶ ሐይቅ ይገባል። አንተ የምታየው ሽንት ከዚህ ሁሉ ውኃ ጥቂቱ ነው፣ "ፓምፗ እየሠራች ነው" እንዲልህ ብቻ የተቀመጠ። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህ ውኃ ቴርሞስታቱ ጋ ሳይደርስ ነው ተጠልፎ የሚወጣው። ስለዚህ ሽንቱ ጥሩ ሆኖም ሞተሩ ሊግል ይችላል፤ ሽንቱ ቀጥኖም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። ሽንቱን ብቻ አይተህ አትፍረድ።

ዩቲዩቦቹ ስለ ጨው የሚያወሩት የባሕር ሰዎች ስለሆኑ ነው። ፍሎሪዳ ወይም ዱባይ ላለ ሰው ጨው ጠላቱ ነው፤ ውስጡን ይበላዋል፣ መተላለፊያውን ይደፍነዋል፣ ለዚህም ነው በየጉዞው መጨረሻ በንጹሕ ውኃ እጠቡ የሚሉት። ጣና ጨው የለበትም። ያንተ ጠላት አፈር ነው። ክረምት ላይ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡትን ጭቃ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፣ ሐይቁ ሻይ በወተት ሲመስል ማለቴ ነው። ይህ ደቃቅ አፈር ፓምፗ ውስጥ ገብቶ የላስቲኩን ክንፎች ጫፍ ጫፋቸውን ይፍቃቸዋል፣ የሚሽከረከሩበትን ብረትም ይጭረዋል። የተረፈው ወደ ላይ ወጥቶ ሲሊንደሩ ዙሪያ ይረጋል፣ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ከዓመት ዓመት ይደራረባል። አምራቾቹ "በየዓመቱ ወይም በየ100 ሰዓቱ ፓምፑን ይዩት" ሲሉ ንጹሕ ውኃ ላይ ለሚሠራ ነው የሚያስቡት። ጣና ላይ በየቀኑ የምትሠራ ከሆነ ከዚያ ቀደም ብለህ እየው፣ በተለይ ከክረምት በኋላ።

ክረምቱን ቆሞ ነበር ማለትህ ደግሞ ትልቅ ፍንጭ ነው። ላስቲኩ የሚቀመጠው ከፓምፗ ቤት መሐል ወጣ ብሎ ስለሆነ ክንፎቹ በአንድ ወገን ታጥፈው ነው የሚቀመጡት። ሞተሩ ለወራት ሳይዞር ሲከርም ላስቲኩ በታጠፈበት ይደርቃል። መስከረም ላይ ስታስነሳው ተመልሶ አይቃናም፣ ውኃውን በደንብ አይገፋም። ባዶህን ስትሄድ ያው ይበቃሃል፣ ሰው ሲሞላ አይበቃም። የነገርከኝ ነገር ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። ብወራረድ የምወራረደው በዚህ ነው። ግን ላስቲክ ልግዛ ብለህ ከመሮጥህ በፊት በነጻ የሚታዩትን እንይ።

ሞተሩን አጥፋና አንሳው። የውኃ መግቢያው ላይ ፌስታል፣ ሣር ወይም የእምቦጭ ሥር ተለጥፎ እንደሆነ እይ። እምቦጭ ጣና ውስጥ መኖሩ ከታወቀበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ለሚሠሩ ልጆች የዕለት ተዕለት ጣጣ ሆኗል። ሥሩ ጸጉር ስለሚመስል ወንፊቱ ውስጥ ተሰክቶ ከውጭ ላይታይህ ይችላል፤ በጣትህ ዳብሰው፣ በቀጭን እንጨት ቆርቁረው። ቀጥሎ የሽንቱን ቀዳዳ እይ። የቆመ ሞተር ላይ ተርብ ጭቃ ሠርታ ቀዳዳውን መድፈኗ የተለመደ ነው። ወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ክር ወስደህ ወደ ውስጥ ግፋው፣ አወዛውዘው። ጠንካራ ሽቦ አትጠቀም፣ ውስጡ ያለውን የጎማ ቱቦ ሊበሳው ይችላል። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተህ ከሞተሩ ወደ ቀዳዳው የምትመጣውን ቀጭን ጎማ ንቀልና ንፋባት። ካለፈልህ ቀዳዳው ነጻ ነው።

አሁን ሙቀቱን ለካ። ሞተሩን ውኃ ላይ ትንሽ አሠራውና ቴስታታው ላይ በጣትህ አንድ ጠብታ ውኃ ጣልበት። ቺስ ብሎ ከተነነ በጣም ግሏል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመኪና ራዲያተር ክዳኑ ውኃውን አምቆ ስለሚይዝ የመፍያውን ደረጃ ከፍ ያደርግለታል፤ ያንተ ሞተር ክፍት ስለሆነ ያ ዕድል የለውም። ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሞተር ቀድሞ እንፋሎት ይሠራል፣ እንፋሎት ደግሞ አያቀዘቅዝም። የኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ የሚደግኑትን መለኪያ አምጥተህ እንዳትለካ፣ የሰው ትኩሳት ነው የሚያነበው፣ ከ43 ዲግሪ በላይ ብዙም አይሄድልህም። የመካኒክ ዓይነቱን ካገኘህ ግን ይጠቅምሃል።

ሽንቱ ቀጥኖ ሞተሩ ካልጋለ ጣጣው ቀዳዳው ጋ ብቻ ነው፣ ጨርሰሃል። ሽንቱም ቀጥኖ ሞተሩም ከጋለ መግቢያው ወይም ፓምፗ ነው። ሽንቱ እንደ ልቡ እየወጣ ሞተሩ ከጋለ ደግሞ ቴርሞስታቱ አልከፈተም፣ አለዚያም ውስጡ በጭቃ ተደፍኗል። አንተ ሁለተኛው ላይ ነህ።

እንግዲህ ፓምፗን እንክፈታት። ሞተሩን ከጀልባው አውርደህ እንጨት ላይ ብታስረው ይሻላል፤ ውኃ ላይ ሆነህ ስትፈታ የወደቀ ብሎን የጣና ሆነ ማለት ነው። የካንዴላዎቹን ገመድ ንቀል፣ ድንገት እንዳይነሳብህ። ማርሹ ያለበትን ቦታ ፎቶ አንሳ፣ ከዚያ ከላይ የሚመጣውንና ከታች ያለውን የማርሽ ዘንግ የሚያገናኘውን ዳዶ ፍታ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ክንፍ ከማውጣትህ በፊት የቆመችበትን አቅጣጫ በቀለም ምልክት አድርግባት፤ ዘንበል ካለች ጀልባው ወደ አንድ ወገን ይጎትትሃል። አንዳንዱ ሞተር ላይ ከእሷ ሥር የተደበቀ ብሎን አለ፣ እሱን ሳያዩ እግሩ አልወጣ ብሏቸው በመዶሻ ሲቀጠቅጡ የሰበሩ አሉ። የቀሩትን ብሎኖች ፍታ። ካልፈታልህ አትታገል፣ ዘይት ነክረህ አሳድረው። እግሩ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ካቻቪቴ አስገብተህ አትፈልቅቅ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልክ ምታው።

እግሩ ሲወጣ ረጅሙ ዘንግ ላይ የተቀመጠችውን የፓምፕ ቤት ታያታለህ። አራት ብሎን አላት፣ ፍታና ወደ ላይ ጎትታት። ላስቲኩን አውጣና መዳፍህ ላይ አስቀምጠህ በደንብ እየው። ክንፎቹ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ወደ አንድ ወገን ተጋድመው ከቀሩ፣ ጫፋቸው አብለጭልጮ ከጠነከረ፣ ወይም ክንፉ ከመሐሉ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ካየህ አበቃ፣ አዲስ አስገባ። ክንፍ የጎደለ እንደሆነ ቁጠር። የጎደለ ካለ ደግሞ ቁራጩን ሳታገኝ እንዳትገጥም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ውስጥ ወይም ከዚያ በላይ ተሰክቶ ነው የሚገኘው፣ አዲስ ላስቲክ ብታስገባበትም እሱ እስካለ ድረስ ሞተሩ መጋሉን አይተውም። ላስቲኩ የሚሽከረከርበትን የብረት ጽዋና ከሥሩ ያለውን ሳህን በጥፍርህ ፋቀው፤ ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለ እነሱንም ለውጥ። ሰው ላስቲኩን ብቻ ለውጦ ጽዋውን ይተወዋል፣ ከዚያ በወሩ "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይላል። ፎርጅድ መኖሩም እውነት ነው፣ አልክድህም። ዱባይ ዘመድ ካለህና ልታስመጣ ካሰብክ ሞተሩ መያዣው ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክለት፣ "ባለ 40 ያማሃ" ብቻ ብትለው ሌላ ነገር ይልክልሃል። ላስቲኩን ብቻ ሳይሆን ጽዋውን፣ ሳህኑንና ጓርኒሲዮኑን (በሁለት ብረት መሐል የሚገባውን ማሸጊያ) ያካተተውን ሙሉ ዕቃ በለው።

ዘንጉ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት አለች። ላስቲኩን ከዘንጉ ጋር የምታዞረው እሷ ናት። ስትወድቅ ድምፅ እንኳን የላትም፣ ስለዚህ መሬቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፍ። አዲሱን ላስቲክ ስታስገባ በሳሙና ውኃ አርጥበው። የሞተር ዘይት አትቀባው፣ ላስቲኩን ያበላሸዋል፤ ደረቁን ደግሞ አታስገባው፣ ስታስነሳው ውኃ እስኪደርሰው ድረስ ይቃጠላል። የፓምፗን ቤት ወደ ታች እየገፋህ ዘንጉን ከላይ ሆነህ ስታየው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ አዙረው። ክንፎቹ ሁሉ በአንድ ወገን ታጥፈው ሲገቡ በእጅህ ይሰማሃል። ወደ ኋላ አዙረህ የታጠፈውን አትመልሰው።

እግሩን ከመመለስህ በፊት አንድ ሥራ አለች። ቴርሞስታቱ ያለበትን ክዳን ክፈት። የክዳኑ ብሎኖች ትናንሽ ናቸው፣ በቀላሉ ይበጠሳሉ፣ ታገስ። ቴርሞስታቱን አውጣና በዚያ በኩል ጎማ አስገብተህ ንጹሕ ውኃ ልቀቅበት፣ ውኃው ከመጣበት ወደ ኋላ እንዲወርድ ማለት ነው። ከታች ቡናማ ውኃ ሲወርድ ታያለህ። እስኪጠራ ድረስ ተወው። በውኃው ቱቦ ከታች ወደ ላይም እንዲሁ አድርግ።

ቴርሞስታቱን ደግሞ አትጣለው፣ ፈትነው። ወጥ የማይሠራበት አሮጌ ድስት ውስጥ ውኃ አድርግ። የቴርሞስታቱን አፍ በጥፍርህ ከፈት አድርገህ ክር አስነክሰውና በክሩ ውኃው ውስጥ አንጠልጥለው፣ የድስቱን ሥር እንዳይነካ። ውኃው እየሞቀ ሲሄድ አፉ ይከፈትና ክሩን ለቆ ይወድቃል። ያኔ ቴርሞሜትሩን አንብብ። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይከፈታል፣ ቁጥሩም ራሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ውኃው እየፈላ እንኳን ካልወደቀ ሞቷል፣ ለውጠው። መካኒኩ "ለዚህ አገር አያስፈልግም" ያለህ አገሩ ሞቃት ነው ብሎ ይመስለኛል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሙቀቱ አይደርስም። ቤንዚኑ በደንብ አይነድም፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል፣ ቤንዚንም ይበላል። በዛሬው የቤንዚን ሰልፍ ይህን ማን ይችለዋል?

ስትመልስ የውኃው ቱቦ ፓምፗ ላይ ካለችው ጎማ ውስጥ በትክክል መግባቱን እይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ቱቦው ከጎን ይቀራል፣ አዲስ ላስቲክ ገብቶም ሽንት ጠብ አይልም። የዘንጉን ጥርሶች ዙሪያቸውን ትንሽ ግራሶ ቀባ፣ አናቱን ግን አትቀባው፣ እስከ መጨረሻው አይገባልህም። ጥርሶቹ አልገጥም ካሉ ፕሮፔለሩን በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙር። ብሎኖቹን ግራሶ ነክተህ እሰር። ሞተሩን ሳታስነሳ ፊት፣ ነጻና ኋላ ማርሹ መግባቱን ሞክር። በዚህ አጋጣሚ የእግሩን ዘይትም እይ፤ ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ እየገባበት ነው፣ ያ ሌላ ሥራ ነው። አሮጌውን ዘይት ደግሞ ሐይቁ ዳር አታፍስ፣ እንጀራህ እኮ ነው።

ለሙከራ በርሜል ይበቃሃል። ፕሮፔለሩን አውጣ፣ ውኃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ሳህን በደንብ ይለፈው፣ ደጅ ላይ አድርገው፣ ጭሱ መርዝ ነው። ያለ ውኃ "ለአንድ አፍታ ድምፁን ልስማው" ብለህ እንዳታስነሳ። በሰከንዶች ውስጥ አዲሱን ላስቲክ ታቃጥለዋለህ። ሽንቱ ቶሎ መምጣት አለበት፣ ነዳጅ ስትሰጠው ይወፍራል። ትንሽ ቆይቶ ለብ ይላል፣ ጣትህን ብታስገባ የሚያስወጣህ መሆን የለበትም።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ሙሉ ጭነት ላይ ከጋለ፣ ቴስታታው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ሳይኖር አይቀርም። እኔ እንዳትነካው የምልህ ይህንን ነው። ብሎኖቹ በቅደም ተከተልና በተወሰነ ኃይል ነው የሚታሰሩት፣ መለኪያ ቺያቬ ይፈልጋል፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ይፈልጋል፣ ቴስታታው ተጣሞ እንደሆነ የሚያውቅ ዓይን ይፈልጋል። ለዚህ ገንዘብህን አውጣ። "አዲስ ጓርኒሲዮን አያስፈልግም፣ በሲሊኮን እለጥፈዋለሁ" የሚልህ ሰው ካጋጠመህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ።

ስለ ጭነትም ልንገርህ፣ ባትጠይቀኝም። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ባለ 40 ፈረስ የተባለው ሞተር 40 አይሰጥህም፣ በግምት 33 ገደማ ነው የሚቀርህ። አንተ ግን የምትጭነው 40 ብለህ ነው። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሰጥተህ ጀልባው አልነሳ ካለህ ሞተሩ እየታገለ ነው፣ በዚያ ላይ ውኃው ቀጭን ነው። ሰው ቀንስ ወይም ጥምዙ (ፒች የሚሉት) ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ፈልግ።

እስክትሠራው ድረስ ሰው አትጫን። ሐይቅ መሐል ሽንቱ ከቆመብህ ወዲያው አጥፋ፣ "ደሴቷ ላይ ልድረስ" አትበል፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ከተጣበቀ የላስቲክ ዋጋ የነበረው የሞተር ዋጋ ይሆናል። ኮፈኑን ክፈትለት፣ በራሱ ይቀዝቅዝ፣ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አትድፋ። መቅዘፊያና የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሁሌም ጀልባው ውስጥ ይኑር። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሳ ሞተር የሌለው ጀልባ ወዴት እንደሚሄድ ታውቀዋለህ፣ አባይ መውጫው ጋ ደግሞ ጉማሬዎቹ ቀጠሮ አይቀበሉም።

ለመጪው ክረምት፣ ሞተሩን ስታቆመው እግሩን ወደ ታች ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ ውኃው ሁሉ ይውረድ። የሽንቱን ቀዳዳ ለተርቧ በጨርቅ ቁራጭ ወትፍ፣ እንዳትረሳው ደግሞ ረጅም ቀይ ክር እሰርበት። በወር አንዴ በርሜል ውስጥ አስነሳው፣ ክንፎቹ በአንድ ቦታ ታጥፈው አይደርቁም።